ከጨርቁ ጀርባ

ጥቁር መደብ ላይ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ክር የተጠለፈች፣ ከጥፍር የማይበልጡ መስተዋቶች የተሰፉባት የትከሻ ቦርሳ አለችኝ። የገዛኋት እ.አ.አ. በ2015 ሕንድ አገር፣ አህመዳባድ ለትምህርት በሄድኩ በመጀመሪያው ወር፣ ከአንድ የማታ ገበያ ነው። ነጋዴው 900 ሩፒ አለኝ። እኔ ደግሞ ዋጋ መከራከርን ከእናቴ ጋር መርካቶ እየዞርኩ የተማርኩ ልጅ ነኝ። ሦስት ጊዜ ትቼው ሄድኩ፤ ሦስት ጊዜ ጠራኝ። በመጨረሻ በ350 ሰጠኝ። ማደሪያዬ ገብቼ ለሐበሻ ጓደኞቼ እያሳየሁ "እስቲ ገምቱ፣ በስንት ይመስላችኋል?" ስል የተሰማኝ ደስታ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ቦርሳዋ ዛሬም አለች። ደስታው ግን ከአንድ ዓመት ከምናምን በኋላ ካች በሚባል አገር፣ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ቀረ።

አህመዳባድ የጨርቅ ከተማ ናት። በእንግሊዞች ዘመን ከፋብሪካዎቿ ብዛት የተነሣ "የሕንድ ማንቸስተር" ትባል ነበር። ጋንዲም ከደቡብ አፍሪካ ተመልሰው የተቀመጡት፣ የእጅ ፈትልን የነፃነት ትግል መሣሪያ ያደረጉት እዚያው ሳባርማቲ ወንዝ ዳር ነው። እኛን ሐበሾቹን ተማሪዎች ግን ከሁሉ በላይ የሚስበን አንድ መስጊድ ነበር። ሪክሾና መኪና በሚተራመስበት አደባባይ ዳር የቆመ፣ በ1573 የተሠራ፣ ሲዲ ሰይድ የሚባል። ያሠራው ሰው ሐበሻ ነው፤ እነሱ "ሐብሺ" ይላሉ። የመስኮቱ ድንጋይ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሎ የዛፍ ቅርንጫፎች እርስ በርሳቸው ሲጠላለፉ ያሳያል፤ ዛሬ የከተማዋ ምልክት ሆኗል። እዚያ ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ ያልተነሣ ሐበሻ አላውቅም። ያሠራው ሰው ስም ይኸው ከአራት መቶ ዓመት በኋላም ይጠራል። ያን ድንጋይ እንደ ጨርቅ የበሱት እጆች የማን እንደነበሩ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በዚያን ጊዜ እኔም አልጠየቅኩም።

በጃንዋሪ 2017 አህመዳባድ ያለችበት የጉጃራት ክልል ተወላጅ የሆነች የክፍል ጓደኛዬ አክስቷ ዘንድ ቡጅ ይዛኝ ሄደች። ማታ ባቡር ተሳፍረን ሲነጋ ደረስን። ቡጅ የካች ዋና ከተማ ናት። ካች ከፓኪስታን ጋር የሚዋሰን፣ ዝናብ ሲሆን ውኃ የሚተኛበት፣ ሲደርቅ እስከ አድማስ ድረስ ነጭ ጨው የሚሆን ሜዳ ያለበት አገር ነው። በጃንዋሪ 26 ቀን 2001 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሰው ጨርሷል፤ አክስትየው ዘመን ሲቆጥሩ እንኳ "ከመንቀጥቀጡ በፊት"፣ "ከመንቀጥቀጡ በኋላ" እያሉ ነው። በማግስቱ ከከተማው ወጣ ወዳለ መንደር፣ ጥልፍ የምትሠራ የሚያውቋት ሴት ቤት ወሰዱን።

በጉጃራት ሴትን ሲጠሩ ከስሟ ቀጥሎ "ቤን" ይላሉ፤ እህት ማለት ነው። ሴትየዋ የታላቅ እህቴ እኩያ ትሆናለች፤ ስሟን እዚህ ስለማልጽፍ ቤን እያልኩ ልቀጥል። የባሏ ቤተሰቦች ከ1971ዱ የሕንድና የፓኪስታን ጦርነት በኋላ ከድንበሩ ማዶ፣ ታርፓርካር ከሚባለው በረሃ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ከብቱን፣ መሬቱን ጥለው ሲመጡ ይዘውት የመጡት አንድ ነገር ይህንን ጥልፍ ነው። ሱፍ ይባላል። የእኛን ሱፍ እርሱት፤ የነሱ ሱፍ በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ብቻ የሚሠራ ጥልፍ ነው።

ቤን ከደጃፉ ተቀምጣ ጨርቁን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ፊቱን ወደ ታች፣ ጀርባውን ወደ ላይ። የተሳሳተች መስሎኝ ጓደኛዬን አየኋት። አልተሳሳተችም። ሱፍ የሚጠለፈው ከጨርቁ ጀርባ ነው። በእርሳስ የተሣለ መስመር የለም፣ ከሥር የሚቀመጥ ንድፍም የለም። የጨርቁን ድርና ማግ በመርፌዋ ጫፍ አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ትወጋለች፣ ትስባለች፤ በሚቀጥለው መስመር አንድ ክር ቀንሳ ትወጋለች፤ በሚቀጥለው እንደገና ቀንሳ። እንዲህ እየጠበበ ሄዶ ሦስት ማዕዘኑ ይዘጋል። አንድ ክር ከተሳሳተች ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይንጋደድና መፍታት ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። እናቴ ጠዋት ዳዊት ስትደግም እንዲሁ ናት። አጠገቧ ብዙ ከተቀመጥን በኋላ ጨርቁን ገለበጠችው፤ ፊቱ ላይ ጣዎስ ቆሟል፤ ጭራው፣ አንገቱ፣ ሁሉም ከሦስት ማዕዘን የተሠራ። እሷ ራሷ ያየችው ከእኛ ጋር እኩል ነው።

የምትሠራው በቀን ብርሃን ብቻ ነው። አማቷ ማዶ አልጋ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። በወጣትነታቸው በሱፍ የታወቁ ነበሩ አሉ፤ አሁን ግን ክሩ አይታያቸውም። ሱፍ ዓይን ይበላል።

"እሱ የያዝሽው ምንድን ነው?" አለችኝ ቤን በጓደኛዬ በኩል። ቦርሳዋን ሰጠኋት። ፊት ለፊቷን አላየችም፤ ቀጥታ ወደ ውስጥ ገለበጠቻት። ገበሯ አንድ ጥግ ላይ ተተርትሮ ነበር፤ በዚያ በኩል ጣቷን አስገብታ የጥልፉን ጀርባ ዳበሰችና ለአማቷ አቀበለቻቸው። ሁለቱ በዝግታ ተነጋገሩ።

"የራባሪ ሥራ ነው" አለች። "ለቦርሳ የተሠራ አይደለም። የሙሽራ ልብስ ነበር። ደረቱ ይሄ ነው፤ እዚህ ጋ ተቆርጧል።"

አየሁት። አንድ አበባ መሐል ለመሐል በመቀስ ተቆርጦ በመኪና ተሰፍቶበታል። ዓመት ከምናምን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬው ስዞር አላየሁትም።

ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቅሁ። የመለሱልኝ አማቷ ናቸው። "ከብት የምትጠብቅ ልጅ ናት እኮ። ውኃ ትቀዳለች፣ ታበስላለች፤ በተረፋት ሰዓት ነው የምትይዘው። ዓመትም ሊሆን ይችላል።"

350 ሩፒ።

እንዲህ ያለው ልብስ እንዴት ገበያ እንደሚወጣ ያስረዱኝ አክስትየው ናቸው። ድርቅ ሲሆን፣ ከብት ሲያልቅ፣ ነጋዴ መንደር ለመንደር ይዞራል። ሴቲቱ ሣጥኗን ትከፍታለች። ለሠርጓ የጠለፈችውን፣ እናቷ የጠለፈችላትን፣ በተባለው ዋጋ ትሰጣለች። ነጋዴው ከተማ ወስዶ ቆርጦ ቦርሳ፣ የትራስ ልብስ፣ የግድግዳ ጌጥ ያደርገዋል። እኔም መጥቼ ከ900 ወደ 350 አወርደዋለሁ። በእርግጥ ያን ቀን ዋጋውን ባላወርደው ልዩነቱ ለነጋዴው እንጂ ለዚያች ልጅ አይደርስም ነበር። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። አላጽናናኝም።

ይህንን ሳስብ የመጣልኝ የመጀመሪያ ስሜት "ወይኔ፣ እንዲህ ያለ ጥበብ ሊጠፋ ነው" የሚል ነበር። ጥልፉ መጠበቅ አለበት፣ ወጉ መቀጠል አለበት እያልኩ ስናገር አክስትየው ፈገግ ብለው የራባሪዎችን ታሪክ አወሩልኝ። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

ራባሪዎች ግመልና በግ እየነዱ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ናቸው። በእኛ አገር ጥሎሽ ይዞ የሚመጣው ወንዱ ነው፤ በነሱ ዘንድ ሴቷ ናት ጓዝ ይዛ የምትሄደው፣ ያ ጓዝ ደግሞ ጥልፍ ነው። ቀሚሱ፣ ከረጢቱ፣ የግመሉ ጌጥ፣ የበሩ መጋረጃ፤ ሁሉም በእጇ ተጠልፎ ካላለቀ ልጅቷ ባሏ ቤት አትገባም። ዘመን በገፋ ቁጥር የሚጠየቀው ብዛት ጨመረ። ጋብቻው ተፈጽሞ ሳለ ጥልፉ ስላላለቀ ብቻ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላቸው አባታቸው ቤት የቀሩ ሴቶች ነበሩ። በዚህ ምክንያት በ1995 ደበሪያ የሚባሉት የራባሪ ወገኖች ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ከልክሉት አሉ። ለራስ ልብስ ጥልፍ መሥራት ተከለከለ፤ የጠለፈች ትቀጣለች ተባለ። ለሽያጭ የሚሠራውን ግን አልነኩትም።

የውጭው ሰው ይህን ሲሰማ ያዝናል፤ እኔም አዝኛለሁ። ግን እስቲ ከልጅቷ ወገን ሆነን እንየው። እኛ በሙዚየም መስተዋት ውስጥ አይተን የምናደንቀው እያንዳንዱ ስፌት አባቷ ቤት የቆየችበት ቀን ነው። የክልከላው ነገር ለኔ ከባድ የሚሆንብኝ በሌላ በኩል ነው፤ የወሰኑት ሽማግሌዎቹ ናቸው፣ የተቀጡትም ነፃ የወጡትም ሴቶቹ። ያም ሆኖ ሴቶቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከገበያ የሚገዛ ጥብጣብና ጥልጥል አምጥተው ጨርቅ ላይ እያሰፉ አዲስ መልክ አወጡ፤ ሐሪ ጃሪ ይሉታል። ከነሱ አንዷ ፓቢቤን ራባሪ ናቸው። ከ4ኛ ክፍል በላይ አልተማሩም፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ድርጅት አላቸው፤ ቦርሳዎቻቸው ባሕር ማዶ ይሸጣሉ፣ የመንደራቸው ሴቶች አብረዋቸው ይሠራሉ። ወግ ጠባቂዎች ቢሰሟቸው ኖሮ ይህ ሁሉ "የተበረዘ" ተብሎ ይጣል ነበር።

ከዚያ ወዲህ "የሴቶችን የእጅ ሥራ እንደግፍ" የሚል ነገር ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ የምንደግፈው ጥልፉን ነው ወይስ ሴቲቱን? ብዙ ጊዜ ጥልፉን ነው። ጥልፉ እንዳይጠፋ እንጨነቃለን። ዓይኗ እየጠፋ መሆኑን አናስብም።

ይህን ልዩነት ቀድመው የተረዱ ሰዎች ካች ውስጥ ነበሩ። በ1969 በድርቁ ጊዜ ቻንዳ ሽሮፍ የሚባሉ ሴት ከሙምባይ ለእርዳታ ዳኔቲ ወደሚባል መንደር መጡ። የመንደሩ ሴቶች ምጽዋት መቀበል እንደከበዳቸው አዩ፤ የለበሱትን ጥልፍም አዩ። ሳሪ አምጥተው "ጥለፉበት፣ እከፍላችኋለሁ" አሉ። ሽሩጃን የሚባለው ድርጅት የተወለደው እንዲህ ነው። በ1993 የተቋቋመው ካላ ራክሻ ደግሞ በ2005 ለጥልፍ ሴቶችና ለሌሎች ባለሙያዎች የዲዛይን ትምህርት ቤት ከፈተ። እስከዚያ ድረስ ንድፉን የከተማ ተማሪ ሠርቶ ይሰጣቸው ነበር፤ እነሱ እጅ ብቻ ነበሩ። አሁን ምን እንደሚጠልፉ ራሳቸው መወሰን ጀመሩ። ለኔ ይህ ከገንዘቡ አያንስም።

ከሁሉ በላይ ግን የማከብራቸው ኤላ ባትን ነው፤ ሁሉም ኤላቤን ይሏቸዋል። ጠበቃ ነበሩ፤ በአህመዳባድ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ይሠሩ ነበር። በ1972 ቤታቸው ተቀምጠው የሚሰፉ፣ ጭንቅላታቸው ላይ ጨርቅ የሚሸከሙ፣ አትክልት የሚቸረችሩ ሴቶችን ይዘው የሠራተኛ ማኅበር ለማስመዝገብ ሄዱ። መዝጋቢው አመነታ፤ አሠሪ በሌለበት ከማን ጋር ነው የምትሟገቱት ነው ነገሩ። የኤላቤን መልስ ማኅበር የሚያስፈልገው በማን ላይ ለመነሣት ሳይሆን እርስ በርስ ለመደጋገፍ ነው የሚል ነበር። ተመዘገበ፤ ሴዋ ይባላል፣ ቃሉ በቋንቋቸው አገልግሎት ማለትም ነው። በ1974 ደግሞ 4,000 ሴቶች እያንዳንዳቸው 10 ሩፒ አዋጥተው ባንክ አቋቋሙ። አብዛኞቹ መፈረም አይችሉም ነበርና ፎቷቸው ፊርማቸው ሆነ። ሴዋ ኋላ ላይ ከካች ጎን ባለው ባናስካንታ በረሃ ሲደርስ ያገኛቸው ሴቶች ልክ የቦርሳዬን ጥልፍ እንደሠራችው ልጅ የሠርግ ጥልፋቸውን ለነጋዴ የሚሸጡ ነበሩ። ዛሬ የዚያ አካባቢ ጥልፍ ሴቶች በ2003 የተቋቋመ የራሳቸው ኩባንያ ባለ አክሲዮኖች ናቸው። ኤላቤን በኖቬምበር 2022 አረፉ፤ እኔ ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፣ ዜናውን ሳነብ አለቀስኩ።

ስለ ባንክ ካነሣሁ አይቀር፣ እኔ ቤን ቤት ከመድረሴ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 8 ቀን 2016 ማታ፣ የሕንድ መንግሥት ባለ 500ና ባለ 1,000 ሩፒ ኖቶች ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ አይሠሩም ብሎ ነበር። በአገሩ ከሚዘዋወረው ገንዘብ 86 በመቶው ማለት ነው። እኛ ተማሪዎች የኤቲኤም ሰልፍ ላይ ነበርን። ቤን ግን ሌላ ነገር ነበረባት። ከጥልፍ ክፍያዋ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰች በእህል ማስቀመጫ ውስጥ የደበቀችው ገንዘብ ነበራት፤ ለሴት ልጇ ትምህርት። ማንም አያውቅም ነበር። ለመቀየር ባንክ መሄድ፣ ለመሄድ ደግሞ ለባሏ መንገር ግድ ሆነ። ነገረችው። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ የልጅቷ አልሆነም። ይህን ስትነግረን ዓይኗን ከጨርቁ አላነሣችም፤ መቁጠሯንም አላቆመችም።

ሌላው የማይለቀኝ ነገር የስም ጉዳይ ነው። ቢሃር በሚባል የሕንድ ክልል፣ ሚቲላ በሚባል አካባቢ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ የጭቃ ግድግዳቸው ላይ ለሠርግና ለበዓል ሥዕል ይሥሉ ነበር። በ1966 እና 67 ከባድ ድርቅ ሲመጣ መንግሥት ወረቀት አድሎ "ግድግዳው ላይ የምትሥሉትን እዚህ ሣሉና ሽጡት" አላቸው። ግድግዳው ላይ ስም አይጻፍም፤ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ዛሬ ጃግዳምባ ዴቪን፣ ሲታ ዴቪን፣ ጋንጋ ዴቪን በስማቸው እናውቃቸዋለን፤ ሦስቱም ፓድማ ሽሪ የሚባለውን የመንግሥት ክብር ተቀብለዋል። ዱላሪ ዴቪ ደግሞ ዝቅ ተደርገው ከሚታዩ የዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ተወልደው፣ በሠዓሊዎች ቤት ሠራተኛ ሆነው እያገለገሉ ሥዕል ተማሩ፤ በ2021 ያንኑ ክብር አገኙ። ጥልፍ ላይ ግን ስም የሚጽፍ የለም። አንድ ሥዕል ስንገዛ "የማን ነው?" እንላለን፤ ጥልፍ ስንገዛ "የየት አገር ነው?" እንላለን። የካች ጥልፍ፣ የራባሪ ጥልፍ። እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ይመስል።

እኛ ሐበሾች ልናውቀው የሚገባ አንድ ሌላ ሥራ አለ። በደቡብ፣ በካርናታካ ክልል ኡታራ ካናዳ በሚባል አውራጃ ጫካዎች ውስጥ ሲዲ የሚባሉ ጥቁር ሕንዶች ይኖራሉ። ቅድመ አያቶቻቸውን ፖርቱጋሎች በባርነት ወደ ጎዋ ያመጧቸው፣ ከዚያ ወደ ተራራው ያመለጡ ናቸው። አብዛኞቹ ከደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ እንደመጡ ቢታመንም ሰዉ ሁሉንም ሐብሺ እያለ ይጠራቸው ነበር፤ በስማችን ተጠርተዋልና ዘመድ ናቸው ብል አላፍርም። ሴቶቹ ካዋንዲ የሚባል ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። ካለቀ ሳሪ፣ ከልጅ ቀሚስ፣ ከተቀደደ ሸሚዝ። ስፌቱ ከዳር ይጀምርና ዙሪያውን እየዞረ ወደ መሐል ይገባል። አራቱ ማዕዘኖች ላይ ተደራርበው የሚሰፉ ትናንሽ ሦስት ማዕዘን ቁራጮች አሉ፤ ፑላ ይባላሉ፣ አበባ ማለት ነው። ፑላ የሌለው ካዋንዲ ራቁቱን ነው ይላሉ። በእኛ ዘንድ ድሪቶ የድህነት ስም ነው፤ ለብሶት የሚታይ ሰው ያፍራል። እነሱ ግን ለልጅ ልጃቸው የሚሰጡት ነው። በ2004 ሴቶቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ፈጠሩ፤ በ2011 ኒውዮርክ ውስጥ ሥራቸው ለኤግዚቢሽን ቀረበ።

ገበያው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ከዚያው ከጉጃራት፣ ሱራት ከተማ፣ በኮምፒዩተር የሚመራ መኪና ቤን አርባ ቀን የምትቆጥረውን የሚመስል ነገር ሰው ተኝቶ እስኪነሣ ድረስ ይጠልፋል። የካች ጥልፍ የሚለው ስም በሕግ ከተመዘገበ ቆይቷል፤ ግን የመንደር ሴት ለስሟ ፍርድ ቤት አትቆምም። እኛም ከቻይና የሚመጣውን የታተመ ጥበብ እያየን ነውና ይህ ይገባናል። ዱባይም ሆነ መርካቶ የሕንድ ጥልፍ የምትገዙ ካላችሁ ከቤን የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ገልብጡት። የመኪና ጥልፍ ጀርባው ላይ ከፊቱ ቀለም ጋር የማይገናኝ፣ ብዙ ጊዜ ነጭ የሆነ ቀጭን ክር ዳር እስከ ዳር ይሄዳል። የእጅ ሥራ ጀርባው ላይ ክሩ የት እንደተጀመረ፣ የት እንደተቋጠረ፣ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው እንዴት እንደተሻገረ ይታያል። ቋጠሮውን ካያችሁ በኋላ ማን እንደሠራው ጠይቁ። ሻጩ የመንደሩን ወይም የማኅበሩን ስም መናገር ከቻለ ጥሩ ምልክት ነው።

ከመሄዴ በፊት ቤንን አንድ ነጠላ የሚያህል ጨርቅ ጥለት እንድትሠራልኝ ጠየቅኋት። "ዋጋውን አንቺ ንገሪኝ" አልኳት። ዝም አለች። ጓደኛዬ ያልተረጎመችላት መስሎኝ ደገምኩት። አክስትየው በቀስታ "ዋጋ ይነገራታል እንጂ ተጠይቃ አታውቅም" አሉኝ። ከአማቷ ጋር ብዙ ተመካከሩ። 40 ቀን ይፈጃል አለች። ያን ጊዜ በጉጃራት በመንግሥት የገጠር ሥራ ፕሮግራም አፈር የሚቆፍር ሰው በቀን ከ200 ሩፒ ትንሽ ያነሰ ያገኝ ነበር። በአክስትየው ሐሳብ ያው ወደ 200 ተጠጋግቶ ተሰልቶ 8,000 ሩፒ ሆነ። ግማሹን እዚያው ሰጠኋት፤ ግማሹን ከስኮላርሺፕ ገንዘቤ ቆጥቤ ላክሁ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እናቴ እኛን ያሳደገችን ጥጥ ፈትላ ነው። ሕንድ ውስጥ በ2019–20 በተደረገው የእጅ ሽመና ቆጠራ ከሸማኔዎቹና አብረዋቸው ከሚሠሩት 72 በመቶው ሴቶች ናቸው፤ በእኛ ዘንድ ሽመናው የወንድ፣ ፈትሉ የሴት ነው፤ ስሙም ገንዘቡም ለሽመናው ያደላል። ማታ ማታ ባዘቶውን ይዛ እንዝርቷን ስታሾር እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ቅዳሜ ልቃቂቱን ይዛ ስትሄድ ሸማኔው በእጁ መዘን መዘን አድርጎ ዋጋ ይቆርጥላታል። ስትመለስ ሁሌም አንድ ዓይነት ነገር ትላለች፤ "ድካሙን ተዪው፣ የጥጡን እንኳ አልሰጠኝም።"

ያን ጥልፍ ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ አመጣሁላት። መነጽሯን አድርጋ ፊቱን አየችና "ያምራል" አለች። ከዚያ ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ብዙ ቆየች፤ በጥፍሯ አንዱን ሦስት ማዕዘን ተከትላ እስከ ጫፉ ወረደች።

"ቆጥራ ነው?"

"አዎ፣ ከጀርባ ነው የምትቆጥረው።"

"ስንት ቀን ፈጀባት?"

"40።"

"ስንት ሰጠሻት?"

ወደ ብር ለውጬ ነገርኳት፤ 2,800 ገደማ። በጣቶቿ አሰላችው።

"በቀን 70 ብር" አለች። ጨርቁን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። "ክሩስ? የክሩን ለብቻ ሰጥተሻታል?"

አልሰጠኋትም ነበር።